የተጠቃሚው ስም

የወይዘሮ ዘርትሁን ማመልከቻ ለስድስተኛ ጊዜ የተመለሰው ማክሰኞ፣ ሐምሌ አሥር ቀን 2094 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ «የጣሪያው ፍሳሽ ወደ ጎረቤት ይወርዳል» ይላል። ውሸት ነው፤ ወደ ጎረቤት አይወርድም። ይህን ደግሞ ማመልከቻውን ከመለሰው ከይመር አሊ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ደሴ ውስጥ አልነበረም፤ ጎረቤቱ እሱ ራሱ ነዋ!

ጣጣው ሁሉ ሦስት በአራት ስለሆነች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በጌሾውና በውሃ ታንከሩ መሃል የምትቆም፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት። በአባቶቻችን ጊዜ ሁለት አናጢ ቅዳሜ ጀምሮ እሑድ ማታ የሚያስረክባት ሥራ ነበረች። ዛሬ የጓሮ ተጨማሪ ግንባታ መመሪያ የሚባል መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አለ። ከአጥር አንድ ሜትር መራቅ፣ ከፍታዋ ከሁለት ሜትር ከአርባ አለመብለጥ፣ ከተፈቀዱት አራት ቀለሞች አንዱን መቀባት፣ በሯ የማንንም በር አለማየት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሰባተኛው መስፈርት «ተጠቃሚ» ይላል። ክፍሉ ሰው የሚያድርበት ከሆነ፣ የሚያድረው ሰው ሙሉ ስም ይሞላል። ወይዘሮ ዘርትሁን በገዛ እጃቸው፣ ፊደሉን አሳምረው፣ «ይርዳው ተሰማ፣ ልጄ» ብለው ሞልተዋል።

ማለዳ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሞራዋ ከተማውን ትዞራለች። አሞራ ያላት ሰዉ ነው፤ በመመሪያው ሌላ ስም አላት። ከላይ እየበረረች በካሜራዋ ጣሪያ ትቆጥራለች። አምና ሮቢት ሰፈር አንድ ሰውዬ ብርድ ልብስ አስጥቶ ረስቶ አደረና ጣሪያ ተብሎ ተመዘገበበት፤ የማፍረሻ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ብርድ ልብሱ ሁለት ወር ሙሉ ገመድ ላይ ዝናብ ሲመታው ከረመ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ልብስ የሚያሰጣ የለም። አሞራዋ ስታልፍ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ በረንዳው ላይ ይቆማል፤ ማንም አላስገደደውም፣ እንዲያው ለምዶበት ነው። ካለፈች በኋላ በየበሩ ያለው የመብራት ቆጣሪ ሳጥን የዕለቱን ይናገራል። ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ወረዳው ምን እንደወሰነ፣ በግቢው ውስጥ ምን እንደተቆጠረ። የወይዘሮ ዘርትሁን ሳጥን ከሚያዝያ ጀምሮ «ያልተገጠመ ቆርቆሮ፣ አሥራ አንድ» እያለ ያነጋል። እሳቸውም «ዓይንህ ይፍሰስ፣ መች ጠፋኝ!» እያሉ ይመልሱለታል።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳው ደረሱ። በአንድ እጃቸው የቆርቆሮ ቁራጭ፣ በሌላው የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል። በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው መዝገቡ የሚባለው ማሽን ነው። ይመር «ሰው ገምጋሚ» ይባላል። መዝገቡ ከመወሰኑ በፊት አንድ የሰው ዓይን ይየው ተብሎ የተተወ ወንበር ነው፤ ሕዝቡ እንዳይከፋው።

«አንተ ይመር!» አሉ ገና ከበሩ። «ተነስ! ተነስና እይ!»

«እንዴት አደሩ እትዬ፣ እስኪ ይቀመጡ...»

«መቀመጥማ እቤቴም አለ።» ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሉና ጠርሙሱን ገለበጡበት። ውሃው ተንደርድሮ የይመር ሱሪ ላይ ተዘረገፈ። «ወዴት ሄደ?»

«ወደ እኔ።»

«ወደ ታች! ወደ ታች ነው የሄደው! የኔ ጣሪያ የሚያፈሰው ወደ ታች ወደ ቦዩ ነው፤ ያንተ ቤት ያለው ከላይ ነው። ውሃ ዳገት ሲወጣ የት አየህ? ነው ወይስ እሱም መመሪያ ወጣለት?»

ይመር ሱሪውን አላራገፈም። የእኚህን ሴት ሽሮ በልቶ ያደገ ሰው ነው። እናቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር፤ ከይርዳው ጋር ባንድ አልጋ፣ ራስና እግር ሆነው። ሲቆጡ ምን እንደሚመስሉ ያውቃል፣ ሲበርዱም ያውቃል። አሁንም ወዲያው በረዱ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ እስኪ፣ በሞቴ። ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ንገረኝ። ልጁ ለመስከረም ሊመጣ ነው፤ ሁለት ወር እንኳ አልቀረ። የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ ከእናቱ ጋር ባንድ ክፍል ይደር? ሚስት ላምጣስ ቢል? ደግሞ ለመስከረም ይመጣል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ» አለ ይመር።

ይርዳው ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

የሞተው ባሕር ላይ ነው፣ ተንሳፋፊ ወደብ ሲገጥሙ የማንሻው ገመድ ተበጥሶ። እዚያው ቀበሩት። ሕጉ የሞት ወሬ ለተመዘገበ ተጠሪ ይነገር ይላል፤ ይርዳው ሲሄድ ያስመዘገበው ተጠሪ ደግሞ ቅሬውን ነበር፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ማለቴ ነው። ደግ አደረገ። እናት የልጇን መርዶ ከሳጥን አትሰማም፣ መርዶ የሰው ሥራ ነው ብሎ ነው። መዝገቡም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ወሬው በደረሰበት ሳምንት ግን ወይዘሮ ዘርትሁን የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ለአንድ ወር እንዳትነግሯቸው አለ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋውም እሺ አሉ። ወሩ አለቀና ክረምት ገባ፤ ክረምቱን ይለፉት ተባለ። ፍልሰታ መጣ፤ ጾሙን ይፍቱ ተባለ። አዲስ ዓመት መጣ፤ በዓል አይበላሽባቸው ተባለ። ከዚያ ጋሽ አራጋው ራሳቸው ታመው ተኙ። መርዶ በሰዓቱ ካልተነገረ እየከበደ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ «ልጅሽ ሞቷል» ማለት ብቻ ነበር። ኋላ ግን «ልጅሽ ሞቷል፣ እኛም እያወቅን ስንስቅልሽ ከረምን» ማለት ሆነ። ይሄን ማን ደፍሮ ይናገር?

የይመር ግን ከሁሉም ይብሳል። ሐኪም ቤት ሊጠይቃቸው ሄዶ፣ ከማደንዘዣው ገና እየነቁ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይርዳው ደወለ?» አሉት። ዝም ማለት ይችል ነበር። «ደውሏል፤ ለመስከረም እመጣለሁ ብሏል» አላቸው። ፊታቸው ላይ ደም ሲመለስ በዓይኑ አየ። ነርሷ ሳትቀር ጎሽ አለችው። መስከረም ሲደርስ ደግሞ «ውሉ ተራዘመ፣ ለሚቀጥለው መስከረም ነው፤ የመርከቡ ስልክ ለሠራተኛ ተዘግቷል፣ በእኔ በኩል ሰላም ብሏል» አለ። እሳቸውም ልጄ ሊመጣ ነው ብለው አሥራ አንድ ቆርቆሮ ገዙ። ያቺን ክፍል የወለዳት የይመር አፍ ነው። አሁን ማመልከቻውን ያሳለፈ ዕለት መዝገቡ ሰባተኛውን መስፈርት ያያል፤ ያየውንም በነጋታው ሳጥኑ ይናገራል። ስለዚህ ይመር ይመልሳል። ቀለሙ አለ፣ በሩ አለ፣ መስኮቱ አለ።

«እትዬ፣ አንድ ዘዴ አለ» አለ፣ ሱሪው እግሩ ላይ እየቀዘቀዘ። «እቃ ቤት ብለው ይሙሉት። ለእቃ ቤት ተጠቃሚ አይጠየቅም። ዛሬውኑ አሳልፈዋለሁ፤ ኋላ እሱ ሲመጣ...» እዚህ ላይ አቋረጠና ሳለ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ከወንበሩ ተነሱ።

«ልጄ እቃ ነው ብዬ ልፈርም?» አሉ። «ስሙን ከወረቀቱ ፍቄ? ይሄ ሟርት አይደለም ወይ? አንተ ደግሞ ጓደኛው ነኝ ትላለህ!»

ቆርቆሯቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ወጡ።

ማታ ጦይባ፣ የይመር ሚስት፣ ራት ስታቀርብ ፊቱን አይታ ነገሩን አወቀች። «ለሰባተኛው ማመልከቻ ምን ልትላቸው ነው?» አለችው። «ጌሾው ይከፋዋል ልትል ነው? ሰውዬ፣ አላህን ፍራ። ሂድና ጋሽ አራጋውን አናግር።»

ሄደ። ጋሽ አራጋው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር መርዶ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ነብስ የሚያሳርፍ አፍ አላቸው ይባላል፤ የሚያለቅሰውም ኋላ መጥቶ ያመሰግናቸዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰሙት።

«እሑድ ጎሕ ሲቀድ» አሉ በመጨረሻ። «እህቷ ቅዳሜ ከወልድያ ትድረስ። እናት ያለ እህት መርዶ አትረዳም። ከዚህ በኋላ ቀን አልጨምርም።»

ይመር ከበሩ ሲወጣ ቀለል አለው። ሦስት ቀን ነው፤ በሦስት ቀን ደግሞ ምን ይመጣል?

አርብ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻው ከይመር ጠረጴዛ ስክሪን ላይ ጠፋ። በቦታው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «አመልካች ያለ ሰው ገምጋሚ እንዲወሰንላቸው ጠይቀዋል። ውሳኔው ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ይነገራል።» ስድስት ጊዜ የተመለሰበት ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው። አንቀጹን በየመመለሻው ግርጌ ሲለጥፍ የከረመው ይመር ራሱ ነው፤ የሥራ ግዴታው ነዋ። ሰው ግርጌ ያነባል ብሎ ማን አስቦ!

ማስቆም ይቻል እንደሆነ ሞከረ። መዝገቡ «ጉዳዩ ከሰው እጅ ወጥቷል» አለው። እየሮጠ ጋሽ አራጋው ቤት ደረሰ። ወልድያ ተደወለ፤ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፣ እህትዬው ልትደርስ አትችልም። ጋሽ አራጋው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንግዲህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው» አሉ። «ሰው ሰብስብ።»

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ተሰበሰበ። ጉሙ ወርዶ እግር አያሳይም። ከሱብሒ ሶላት በቀጥታ የመጡ አሉ፣ ከኪዳን የመጡ አሉ። ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም፤ ገና አልተነገረማ። አሰራሩ የታወቀ ነው፤ ሰውዬው ከእንቅልፉ ሳይነሳ በር ይንኳኳል፣ ሽማግሌው ቀድሞ ይገባል፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ለመያዝ ይዘጋጃሉ።

ታዲያ ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወይዘሮ ዘርትሁን አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጓሮውን ጠርገው፣ የክፍሏን አራት ማዕዘን በኖራ አስምረው፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰዉን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ ጉዴ! ማን ነገራችሁ?» አሉ። ሳቃቸው መጣ። «እኔ ፈቃዱ ይውጣና ደቦ እጠራለሁ እያልኩ፣ እናንተ ቀድማችሁኝ! ኧረ ቁርስ እንኳ አልሠራሁ! ጦይባ፣ ነይ እስኪ ድስት አውጪልኝ። ጋሽ አራጋው፣ አንቱማ ምሰሶ አይዙም፣ እዚያ ዱካው ላይ አረፍ ይበሉ።»

ጋሽ አራጋው አፋቸውን ከፈቱ። «ዘርትሁን» አሉ። ከዚያ «እንዴት አደርሽ» አሉ። ከዚያ ሄደው፣ እዚያው ባሏቸው ዱካ ላይ ተቀመጡ። የአርባ ዓመቱ አፍ እንደዚያ ሆነ። ከወንዶቹ አንዱ፣ እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ቆርቆሮ አነሳ፤ ሌላውም ሌላኛውን ጫፍ ያዘለት። ወይዘሮ ዘርትሁን «ገና ነው፣ ገና! ይፈቀድ መጀመሪያ!» እያሉ ሳቁ።

ይመር ሰዓቱን አየ። ሩብ ጉዳይ።

«እትዬ» አለ። «ይርዳው የለም።»

«አዎ፣ ለመስከረም ነው የሚመጣው።»

«አይመጣም። ይርዳው ሞቷል፣ እትዬ። አምና በግንቦት ነው የሞተው።»

ጦይባ ጩኸቷን ለቀቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸችው፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ዘወር ብለው ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«ዝም በይ! በልጄ ላይ ታሟርቻለሽ?»

ወደ ይመር ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ምን አደረግሁህ፣ ልጄ?» አሉት። «ቀለሙ አይሆንም አልከኝ፣ ቀየርኩ። በሩ የኔን በር ያያል አልክ፣ አዞርኩ። አጥሩ አልክ፣ ከፍታው አልክ፣ መስኮቱ አልክ፣ ውሃው አልክ። ሁሉንም ለካሁት፣ ሁሉም ውሸት ነበር። አሁን የምትለው ሲያልቅብህ ልጄን ገደልክብኝ?»

«እውነቱን ነው፣ ዘርትሁን» አሉ ጋሽ አራጋው ከተቀመጡበት እየተነሱ። «እውነቱን ነው የነገረሽ።»

«ጋሽ አራጋው፣ ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ልጅሽን በሰላም ያምጣልሽ ብለው አልመረቁኝም? ያኔ ሞቶ ነበር?»

ሽማግሌው ተመልሰው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«አዩ!» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «መዝገቡ ይናገር። እሱ አይወደኝም፣ አይጠላኝም። እሱ አይዋሽም።»

ከዚያም ጀርባቸውን ለሰዉ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሳጥኑ አድርገው ቆሙ። ሠላሳ ሰው ጓሮው ውስጥ ቆመ። እንዳያለቅስ ተከልክሏል፣ እንዳይሄድ ነውር ነው። አሥር ደቂቃ ያልፋል ብሎ ማን አመነ! ሁለቱ ወንዶች ቆርቆሮውን እንደያዙ ናቸው፣ ማስቀመጡ ድምፅ ይሰጣል ብለው። ይመር የወይዘሮ ዘርትሁንን ማጅራት ብቻ ነበር የሚያየው፤ ጸጉራቸውን ለበዓል እንደሚያደርጉት ተሠርተውታል።

አሞራዋ መጣች። ሁሉም ሳያስበው እጁን አጣመረ። አለፈች። ሳጥኑ ጠቅ አለ።

«የጓሮ ተጨማሪ ግንባታ ማመልከቻ። አመልካች፣ ወይዘሮ ዘርትሁን ካሳ። መስፈርት አንድ፣ ከአጥር ያለው ርቀት፤ ትክክል።»

ዘወር ብለው ይመርን አዩት።

«ሁለት፣ ከፍታ፤ ትክክል። ሦስት፣ ቀለም፤ ትክክል። አራት፣ የበር አቅጣጫ፤ ትክክል።»

በየቁጥሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊታቸው በራ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይመር በዚያች ሰዓት ሰባተኛው ላይ መዝገቡ በዋሸ ብሎ ተመኘ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

«አምስት፣ መስኮት፤ ትክክል። ስድስት፣ የጣሪያ ፍሳሽ፤ ትክክል። ሰባት፣ ተጠቃሚ። ይርዳው ተሰማ። በሕይወት የለም። የሞተበት ቀን ግንቦት ሃያ አንድ 2093 ዓ.ም.። መስፈርቱ አልተሟላም። ሌላ ተጠቃሚ ለመሰየም ከፈለጉ አሁን ስሙን ይናገሩ።»

ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ከሌላ ክፍል ልጃቸውን እንደሚጠሩ ሁሉ፣ «ይርዳው?» አሉ።

«ይርዳው ተሰማ። በሕይወት የለም» አለ ሳጥኑ። «ሌላ ስም ይናገሩ።»

«ይርዳው!»

«በሕይወት የለም። ሌላ ስም ይናገሩ።»

«ልጄ! ይርዳው! ይርዳውዬ!»

«በሕይወት የለም። ሌላ ስም ይናገሩ።»

ሴቶቹ ሮጠው ያዟቸው። ጓሮው በለቅሶ ታመሰ፤ እሳቸው ግን ከሁሉም በላይ ይጣራሉ፣ በተጣሩ ቁጥር ሳጥኑ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ ይመልሳል። ጋሽ አራጋው በከዘራቸው መቱት፣ ወንዶቹ ሽቦውን ሊነቅሉ ታገሉ፤ አልሆነም። ሳጥኑ የሚዘጋው ስም ሲያገኝ ብቻ ነው፣ ይህን የሚያውቅ ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ይመር ሰው ገፍቶ ሳጥኑ ጋ ደረሰና በዚያ ጩኸት መሃል አንድ በሕይወት ያለ ስም ፈለገ። የራሱ ብቻ መጣለት።

«ይመር አሊ!» ብሎ ጮኸ።

«ተጠቃሚ፣ ይመር አሊ። በሕይወት አለ። መስፈርቱ ተሟልቷል። ግንባታው ተፈቅዷል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ሳጥኑ ጸጥ አለ። ወይዘሮ ዘርትሁንም መጣራታቸውን ተዉ። በሴቶቹ ክንድ ላይ እንደተደገፉ ቀና ብለው አዩት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁትን ሰው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ።

«አዎ» አሉ። «አንተማ አለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዝም እንዲልልዎ...»

«ውጣልኝ።»

ጋሽ አራጋው «ዘርትሁን፣ እሱም ጓደኛውን...» ብለው ጀመሩ። አላስጨረሷቸውም።

«ከልጄ ለቅሶ ላይ አውጡልኝ!»

ሰዉ መንገድ ከፈተለት። ጦይባ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ነበር፤ ቀና ብላ አየችውና እዚያው ቀረች፤ መቅረትም ነበረባት። ይመር ወጥቶ በሩን ከኋላው ገጠም አደረገው፤ እቤቱም አልገባ፣ ወደ መንገዱም አልወረደ። ከአጥሩ ወዲያ ሙሾ አውራጇ የይርዳውን ስም እያነሳች ጀመረች፣ ሰዉም ተቀበላት። እሱም ወዲህ፣ ብቻውን፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ጓደኛውን አለቀሰ። ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስለት ገና የመጀመሪያው ነበር።